የኮሮላው በር

አፌ ምላጭ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ኪዳኑን እንኳ የተዋወቅኩት ደሙን አፍስሼ ነው።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ቤታችን ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ የሴት ፀጉር እሠራለሁ። አንድ ቀን የደንበኛዬን ፀጉር አጥቤ ዞር ብል የፀጉር ማድረቂያዬ የለም። ብወጣ፣ የጎረቤት ጋራዡ ልጅ ገመዱን በመስኮቴ ጎትቶ የመኪና የፊት ፓራውልት ላይ ሙቀት ይነፋበታል።

የያዝኩትን የእንጨት ማበጠሪያ ወረወርኩበት። ግንባሩን ፈነከተው።

«አንተ ሌባ፣ ደግሞ መኪና ፀጉር አለው እንዴ?»

ደሙን በእጅጌው ጠረገና ሳቀ። «የለውም። ግን ከመስደብሽ በፊት እስቲ እዪው።»

አየሁት። የኮምቦልቻ ፀሐይ አመድ ያስመሰለው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ሙቀቱ ባለፈበት በኩል ጥቁረቱ ይመለስ ነበር።

«ሲሞቅ ውስጥ የተደበቀው ቅባት ብቅ ይላል» አለኝ። «ከቸኮልሽ ግን ይቀልጥብሻል። በማርያም፣ አያምርም?»

«እኛ ጴንጤዎች ነን። በማርያም አንምልም።»

«እንግዲያ በማበጠሪያሽ ልማልልሽ፤ እሱን ቀምሼዋለሁ።»

ላለመሳቅ ከንፈሬን ነከስኩ። መኪናውን ያኔ ነው ያስተዋልኩት፤ የአባቴ የአቶ ብሩ ኮሮላ ነበር። ታላቅ ወንድሜ እንድርያስ ለሠርጉ እንዲታደስለት ሰጥቶታል።

ከዚያ ወዲያ ደንበኛ በጠፋ ቁጥር እግሬ ወደ ጋራዡ ይወስደኝ ጀመር። ኪዳኑ የቦሩ ሜዳ ገበሬ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ። የመኪናውን የደበዘዘ ጌጥ ብረት፣ ኒኬሉን፣ የሚያሸው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው የብር ወረቀት ነበር፤ በውሃ ነክሮ፣ በስሱ። ወረቀቱ ቶሎ ያልቅበታል። እኔም ሆቴል በር ላይ የተጣለ ፓኮ እየለቀምኩ፣ ወረቀቱን በቦርሳዬ አጠራቅምለት ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ የሲጋራ ፓኮ ስትለቅም ይታያችሁ።

ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለን ስናሽ ቀና ብሎ አያየኝም። የሚያየኝ ኒኬሉ ውስጥ ነው።

«ምነው፣ ፊቴ እዚህ አይደል እንዴ?» አልኩት።

«እዚህ ውስጥ ስታፈጪብኝ አትደነግጭኝም።»

እጁ እጄን ነካ፤ እሱም አላነሳ፤ እኔም አላነሳሁም። ወደድኩት፣ ምን ልሸፋፍን።

«ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ይቀበላሉ?»

«ለማያምን ልጄን አልሰጥም ይላል።»

«እኔ እኮ አምናለሁ፣ ሊዲ።»

«እሱን ለአባቴ ንገረው።»

ሳይነግረው ነገር ቀደመን። አንድ ጠዋት እናቴ መዝሙር መጽሐፏን ፍለጋ ቦርሳዬን ስትበረብር ያ ሁሉ የሲጋራ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እናቴ ኩርሲ ላይ ዘፍ አለች። እንድርያስ ምንም ሳይጠይቅ በጥፊ አጮለኝ፤ ጆሮዬ ጭው አለ።

«ታጨሻለሽ?»

«ለመኪናህ ነው፣ ደንቆሮ። ኪዳኑ ኒኬሉን ያሽበታል።»

ስሙን ስጠራ ድምፄ ለስልሶ ኖሯል መሰለኝ፣ ወንድሜ ሲጋራውን ረሳው። በሩን በርግዶ ወጣ። እኔም በሌላ ሚኒባስ ተከተልኩት። ያን ቀን ሐረጎ አላልቅ አለኝ።

ስደርስ ኪዳኑ የኮሮላውን በር ከፍቶ የበሩን ጠርዝ እያሸ ነበር። እንድርያስ አጠገቡ ቆሟል። ጮኼ ሳልጨርስ በሩን በእርግጫ አላጋው። የኪዳኑ ቀኝ እጅ መሃል ቀረች። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬም የመኪና በር ሲዘጋ ይሰማኛል። ወንድሜ ግን አልበቃውም፤ የክሪክ ብረት አንስቶ የወደቀውን ሰው ጎን ይደበድብ ጀመር። ጀርባው ላይ ወጥቼ ትከሻውን ነከስኩት፤ አፌ ደም ደም እስኪለኝ አልለቀቅኩትም። ስንታገል መኪናው ፊት ደረስን፤ አንዱ ምት ስቶ ፓራውልቱን አጎደጎደው።

ኪዳኑ ሆስፒታል ገባ። ሳምንቱ ሳያልቅ ታላቅ ወንድሙ ቀለሙ ዘመዶቹን አስከትሎ ዱላውን ይዞ ደሴ ወረደ። እንድርያስን ገበያ መሃል አግኝተው መንጋጋውን ሰበሩት። ሲመሽ ቤታችን ላይ ድንጋይ ዘነበ፤ አንዱ መስኮቱን አልፎ የአባቴን ራስ ፈነከተው። እንድርያስ መንጋጋው እንደታሰረ ሽጉጥ ማፈላለግ ጀመረ፤ ሠርጉም ቀረ። ቀጥሎ የሚመጣው ሬሳ እንደሆነ ሁላችንም አውቀነዋል።

በመጨረሻ ከቢስቲማ በኩል አበጋር ተጠራ። አበጋር በእኛ አገር ደም የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፤ እስላም ነህ ክርስቲያን ነህ ሳይል ሁሉም ይታዘዘዋል። ቦሩ ሜዳ ላይ ሁለቱ ቤተ ዘመድ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ኪዳኑ እጁን በነጭ ጨርቅ አንጠልጥሎ መጣ። አቀርቅሯል፤ እኔን የሚያይበት ኒኬል እዚያ የለም።

አበጋሩ ሁለቱንም ወገን ሰምተው ሲያበቁ ጢማቸውን ዳበሱ። «ደም የሚደርቀው በካሳ ነው። እነዚህ ልጆች ደግሞ ይዋደዳሉ አሉ። አቶ ብሩ፣ ልጅዎን ለተጎዳው ይስጡ፤ ካሳው እሷ ትሁን። የተዛመደ አይገዳደልም።»

ሰው ሁሉ ተነፈሰ። አባቴ በፋሻ የታሰረ ራሱን ደፍቶ «እሺ» አለ። ሌት ተቀን የጸለይኩበት ነገር ተሰጠኝ፤ እኔ ግን የተሰደብኩ ያህል አንገበገበኝ። ተነሳሁ።

«እኔ የማንም እጅ ካሳ አይደለሁም» አልኩ። «ኪዳኑን እወደዋለሁ፤ ሁላችሁም ስሙ። ግን የወንድሜ ዕዳ ሆኜ ቤቱ አልገባም።»

«ተቀመጭ» አለ አባቴ።

ቀለሙ ዱላውን ይዞ ብድግ አለ። «እሷ ካልሆነች በደም ይከፈላል። ወንድሜ ያለ ካሳ አይቀርም።»

ያን ጊዜ ኪዳኑ ተነስቶ ወንድሙ ፊት ቆመ። «ካሳዬን ትቻለሁ። እንድርያስንም ይቅር ብያለሁ።»

«በየትኛው እጅህ ልትበላ?» አለ ቀለሙ። «ዛሬ ከተውከው ወንድሜ አይደለህም።»

ኪዳኑ ደህናዪቱን ግራ እጁን ዘረጋለት። «ደም ሳታይ ቤትህ የማትገባ ከሆነ ይቺን ስበራት። የእነሱን ቤት ግን አትነካም።»

ዱላው ተነሳ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ቀለሙ ዱላውን መሬት ላይ ጥሎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

ኪዳኑ ወደ አበጋሩ ዞረ። «አባባ፣ እንግዲህ ዕዳ የለም። ሌላ ጉዳይ ግን አለኝ። አባት ሆነው አቶ ብሩ ዘንድ ሽማግሌ ይሂዱልኝ።»

አዛውንቱ ትንሽ አሰቡና ፈገግ አሉ። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ፣ መሃሉን ተሻግረው አባቴ ፊት ቆሙ፤ አሁን ገና እንደመጡ ሰው «እንዴት ዋላችሁ» ብለው ሰላምታ ሰጡ። «አቶ ብሩ፣ ልጅዎን ለልጃችን ለጋብቻ ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

አባቴ የራሱን ፋሻ ዳበሰ። «በማርያም የሚምል ነው» አለ በመጨረሻ፤ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር። «ይቅርታውን ግን አየሁት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሊዲ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ይህ ሁሉ ሰው ሲፈነከት፣ እኔን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው አባቴ ነው። ያ ምላጭ አፌ አልታዘዝ አለኝና ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። ኪዳኑ ቀና ብሎ፣ በቀጥታ ፊቴን አየኝ።

በማን ቤተ ክርስቲያን እንጋባ የሚለው ሌላ ጦርነት ነበር፤ እሱን ተዉት። ኮሮላውን አድሼ የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ የኪዳኑ ቀኝ እጅ ጨርቅ መጨበጥ አልቻለችም። ጉድጓዱ ፓራውልቱ ላይ ቀርቷል።

የሠርጋችን ዕለት መኪናውን የነዳው እንድርያስ ነው። መንጋጋው ጠምሞ ስለቀረ ብዙ አያወራም። ከሾፌሩ ወንበር ወርዶ መጣና የኪዳኑን በር ከፈተለት። ኪዳኑ ገብቶ ተቀመጠ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ያቺን የተሰበረች እጅ በሁለት እጁ አነሳት፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት፣ ከዚያ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።