ጽሑፉን ያልነካ እጅ

ጋሼ የተገኙት ሦስት ደረጃ ካላት አጭር መሰላል ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ነበር። ጭንቅላታቸው የብረት ቁም ሣጥኑን ጠርዝ መትቷል። ከበላያቸው ግድግዳውን ሙሉ የያዘ የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ተዘርግቷል፤ ሃያ ስምንት ፎቶግራፍ፣ በየፎቶው ሥርም በእርሳስ የተጻፈ ስምና ቁጥር። ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ነው። ጋሼ ስልሳ ዓመታቸው ነበር። ፎቶ ቤቱን ለታናሽ ወንድማቸው ካስረከቡ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ከመዝገብ ቤት መዝገብ ቤት ሲንከራተቱ፣ የሽማግሌ ደጅ ሲጠኑ ኖረው ሐረጉን ጨርሰዋል። እሁድ ዘመድ አዝማድ ተጠርቶ ሊያየው ነበር። ሁለት ቀን ቀራቸው፤ ወይ ነዶ!

«ከመሰላል ወድቆ ሞተ» ተብሎ ነገሩ ሊዘጋ ሲል፣ አስከሬኑን ያየው ሐኪም ደማቸው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት አገኘ። ቅዳሜ ጠዋት ወንፊት ተጠራች።

ወንፊት ቅጽል ስሟ ነው፤ እናቷ ያወጡላትን ስም መሥሪያ ቤቱ ከረሳው ቆይቷል። «ወሬው ሁሉ በእሷ ያልፋል፤ እሷ ጋ የሚቀረው ጠጠሩ ብቻ ነው» ይላሉ ባልደረቦቿ። አጭርና ወፈር ያለች፣ ለጡረታ ጥቂት የቀራት መርማሪ ናት። ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች፤ አንድ ክፍል ውስጥ ከገባች ግን እስክትጠግብ ሳታይ የሚያስወጣት የለም።

ቤቱ ከፊት ፎቶ ቤት፣ ከኋላ መኖሪያ ነው። የጋሼ ክፍል መሀል ላይ ነው። ወንፊት ጠረጴዛው ላይ ታጥፎ የተቀመጠ መነጽር አየች። የወንበሩ ትራስ የራስ ቅርጽ ይዞ ሰርጉዷል። ከዚያ ሐረጉን ሽቅብ ቁልቁል ስታይ ቆየችና ከጋሼ አባት ፎቶ በስተግራ ያለች አንዲት ባዶ ቦታ ላይ ዓይኗ ቆመ። ፎቶ ነበረባት፤ ተነሥቷል። ወረቀቱ አልተቀደደም። እርጥብ ነገር ነክቶት እንደደረቀ ሁሉ በትንሹ ተኮማትሯል። ከባዶዋ ቦታ ሥር «እናቴ፣ 203» ይላል።

በአባትየው ቀኝ በኩል ደግሞ የአንዲት ኮስታራ ወይዘሮ ፎቶ አለ። ሥሩ «የአባቴ ባለቤት፣ ያሳደጉኝ፣ 88» ተብሎ ተጽፏል። ወንፊት ሁለቱንም ወደ ማስታወሻዋ ገለበጠችና የጋሼን ታናሽ ወንድም አስጠራች።

ታናሽየው አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሰደርያ ለባሽ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ።

«እውነቱን ልንገርዎ፤ ተጣልተን ነበር» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ቅድመ አያታችን ዳኛ ነበሩ እየተባልን ነው ያደግነው። ደጅ ላይ ያለውን ሰሌዳ አይተውታል? ‹የዳኛው ልጆች ፎቶ ቤት› ነው የሚለው። ጋሼ ሦስት ዓመት ሲቆፍር ከርሞ ሰውዬው የፍርድ ቤት ዘበኛ ነበሩ ብሎ መጣ! በር ከፋች!»

ወንፊት ሳቋ አመለጣት። «ዘበኛም እኮ ሰው ነው።»

«ሰው ነው። ሰሌዳ ላይ ግን አይጻፍም።»

«ለዚህ ነው የተጣላችሁት?»

«የሞተን አትቀስቅስ አልኩት። ‹ዘር ከልጓም ይስባል፣ ገና ምኑን አይተህ› ብሎ ሳቀብኝ።» ድምፁ ተሰበረ፤ ወዲያው ግን ጠገነው። «እኔ አልገደልኩትም። ክኒን በዚህ ቤት በማን እጅ እንዳለ ይጠይቁ። ነርሷ የጋሼ ልጅ ናት የምትይዘው። አባቷን ለማን ትቼ አገባለሁ እያለች ዕድሜዋ ሄደባት፤ ሰው ሲመረው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።»

ወንፊት ማስታወሻዋን አጥፋ ወደ ልጅቱ ክፍል ሄደች።

ልጅቱን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ጉድጓድ ገብቷል።

«ክኒኑ የእትዬ ነው» አለች። «እትዬ አሳድገውናል፤ የአያቴ የሩቅ ዘመድ ናቸው። እንቅልፍ እምቢ ስላላቸው ሐኪም አዘዘላቸው። ማታ ማታ አንድ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ፤ የመሳቢያው ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው።»

ብልቃጡን አመጣች። ሠላሳ የነበረው ከተከፈተ እስከ ሐሙስ በአሥራ አንድ ምሽት አሥራ አንድ ወጥቷል። አብረው ቆጠሩት፤ አሥራ ዘጠኝ። አንድም አልጎደለም።

«ሲውጡ ታያለሽ?»

«ሕፃን ናቸው እንዴ? ሰጥቻቸው ወደ ሥራዬ ነው።» ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አጎቴ ምን እንዳለዎት አውቃለሁ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እየተጠቋቆመብኝ ነው። ሥራዬ ይቅር፤ እስር ቤትም ይቅር። ‹አባቷን የገደለች› ተብዬ ነው የምቀረው? አባዬን እኮ ነው! ለእሁድ አንድ ነገር አለኝ፣ እስከዚያ ግድግዳዬን ማየት ክልክል ነው እያለ እንደ ልጅ ሲፍለቀለቅ ነበር። ምን እንደሆነ እንኳ ሳይነግረኝ ሄደ።»

«እሱን ለእኔ ተዪው» አለች ወንፊት። ማጽናናት አትችልበትም፤ የልጅቱን ትከሻ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ ወጣች።

እትዬ ጓሮ ነበሩ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ያም ሆኖ ብርቱ ናቸው። በዚህ ቤት ስልሳ ዓመት ፎቶ አጥበዋል፤ በዚያችው አጭር መሰላል እየወጡ እርጥቡን ፎቶ ገመድ ላይ የሚያሰጡት እሳቸው ናቸው። የጣቶቻቸው ጫፍ ከውሃ ብዛት ነጥቷል። ልቅሶ ቤት ሆኖም ቁጭ አላሉም፤ ንጹሑን ሳህን መልሰው እያጠቡ ነበር።

«ዓርብ ለጋሼ ሻይ የሰጣቸው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ። ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ጠጣልኝ፣ ብርጭቆውን አጠብኩ።»

«እማማ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ። ፊትዎ ገርጥቷል።»

«ከየት አመጥቼ ልረፍ፣ ልጄ? ዛሬ ስድስት ሌሊት ሆነኝ ዓይኔ ሳይከደን።»

ወንፊት ቃላቸውን ጽፋ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። እትዬ እርጥብ ፎቶ እንደሚያነሡ ሁሉ በሁለት ጣት ጥግ ጥጉን ይዘው አዩት፤ ከዚያ ቀለሙን ጠይቀው አውራ ጣታቸውን አተሙ።

እሁድ ረፋድ ላይ፣ ሐረጉ ሊታይ ታስቦ በነበረበት ሰዓት፣ ወንፊት ሦስቱን ጋሼ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከዚያ በፊት ግን ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ቁጥር 203 የተጻፈበትን የኔጌቲቭ ፖስታ አውጥታ፣ አብሮት የነበረውን የታጠፈ ወረቀት ኪሷ ከታ፣ ኔጌቲቩን ለታናሽየው «እጠብልኝ» ብላ ሰጥታው ነበር። ሰውዬው ከጨለማ ክፍሉ ሲወጣ ላብ አጥምቆታል። ፎቶውን በፊቱ ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ተቀመጠ።

«በቅድሚያ» አለች ወንፊት፣ «ጋሼን ከመሰላል የገፋቸው ሰው የለም። መነጽራቸው ታጥፎ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ትራሱም ሰርጉዶ ነበር። ሻያቸውን ጠጥተው ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ጣላቸው። ተኝተው ሳሉ አንድ ሰው ገብቶ ከግድግዳው ፎቶ አነሣ። ሲነቁ ቦታው ባዶ ሆነባቸው። ደንግጠው፣ ያለ መነጽር፣ መድኃኒቱ ገና ሳይለቃቸው መሰላሉን ወጡ። ከዚያ ወደቁ። ያ ሰው ሊገድላቸው አልፈለገም። የፈለገው ፎቶውን ነው።»

«መድኃኒቱስ ከየት መጣ?» አለ ታናሽየው። ዓይኑ ወደ ነርሷ ሄደ።

«የብልቃጡ ቁጥር ልክ ነው። ስለዚህ ክኒኑ የወጣው ከመሳቢያው አይደለም፤ ከተሰጠው ላይ ተቀምጦ ነው። ማታ ማታ ተቀብሎ፣ ሳይውጥ፣ የሆነ ቦታ ቋጥሮ። እንዲህ ያደረገ ሰው ደግሞ እንቅልፉን ያጣል። ጋሼ የሞቱት ዓርብ ነው። ትናንት ቅዳሜ ‹ስድስት ሌሊት አልተኛሁም› ያለ ሰው፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ያላስተኛው የጋሼ ሐዘን አይደለም።»

እትዬ ጉልበታቸው ላይ ያጣመሩትን እጃቸውን እያዩ ነው።

«ፎቶው ተቦጭቆ አልተነሣም» ስትል ቀጠለች ወንፊት። «እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት፣ ሙጫው እስኪለቅ ተጠብቆ ነው የተነሣው። ይህ የባለሙያ እጅ ነው፤ በዚህ ቤት እንዲህ የሚያደርጉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንተ አንዱ ነህ» አለችው ወደ ታናሽየው ዞራ፤ «አንተ ብትሆን ግን ኔጌቲቩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ፎቶውን ማንሣት ዋጋ እንደሌለው ታውቃለህ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ምሥጢሩን ለመደበቅ የመጣው ሰው ምሥሉን ወስዶ ጽሑፉን እንዳለ ተወው። ‹እናቴ› የሚለው ቃል ሥሩ ቁጭ ብሎ፣ ቁጥሩም አብሮት! አንተ ብትሆን ትፍቀው ነበር። ነርሷም ብትሆን ትፍቀው ነበር። ማንበብ የሚችል ሰው ያን ቃል ትቶ አይሄድም።»

ፎቶውን ገለበጠችው። አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላት የምትመስል ልጅ አራስ ታቅፋ ቆማለች። ጉንጯ ቢጎድል፣ ፀጉሯ ቢሸብት፣ እትዬ ናቸው።

እትዬ ከደረታቸው ውስጥ የተጠቀለለ መሐረብ አወጡ። ፎቶው እዚያ ነበር።

«ስጠርግ አየሁት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለመሐረቡ። «እኔ ነኝ፣ ሕፃኑም እሱ ነው። አባቱ ናቸው ያነሡን። እመቤቴ ያኔ ልጅ አልነበራቸውም፤ ወስደው ልጄ ነው አሉ። እኔን ‹ዘመድ ነሽ፣ ኑሪ› አሉኝ፤ ሲሞቱም አስማሉኝ። ስልሳ ዓመት የሆዴን በሆዴ ይዤ ኖርኩ። እሁድ ያ ሁሉ ዘመድ መጥቶ ሊያይ ነው። ጋሼን ዲቃላ ሊሉት ነው! ይኸው ወንድሙ፣ ዘበኛ አያት እንኳ ያልተዋጠለት ሰው፣ አጣቢ እናት ይዞ ሲመጣ ወንድሜ ይለዋል? ትንሽ ይተኛ አልኩ፤ ከቋጠርኩት ሁለት ክኒን ብቻ ነው። እኔን አንዱ በቅጡ አያስተኛኝም፣ እሱን ሁለቱ ምን ያደርገዋል ብዬ።»

«ሲወድቅ ሰማሽ?» ያለችው ልጅቱ ናት። በሕይወቷ እትዬን «አንቺ» ብላ አታውቅም።

«ሰማሁ። ሮጥኩ። ትንፋሹ የለም። ልጄ ብዬ ልጮኽ አፌን ከፈትኩና...» እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ዘጋሁት። ለምጄ ነዋ። አፈር ልብላ፣ ለምጄ ነው የዘጋሁት።»

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ታናሽየው አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። ወንፊት በሥራ ዘመኗ ብዙ ነፍሰ ገዳይ ይዛ ታውቃለች፤ እውነቱን በመናገሯ የተጸጸተችው ግን ያን ቀን ነው። ሆኖም የቀረ ነገር ነበር፤ ደብቃው ልትሄድ አልቻለችም። ከኪሷ የታጠፈውን ወረቀት አውጥታ ለልጅቱ ሰጠቻት።

«ከኔጌቲቩ ጋር የነበረ ነው። አባትሽ ለዛሬ የጻፉት ንግግር ነው። አንብቢላቸው።»

ልጅቱ ወረቀቱን ዘርግታ ማንበብ ጀመረች።

«‹ዘመዶቼ፣ ዳኛ ፍለጋ ሄጄ ዘበኛ አገኘሁ። አልከፋኝም። የልደት መዝገብ ውስጥ ግን ከዳኛም ከንጉሥም የሚበልጥብኝን አገኘሁ። እናቴ በሕይወት አለች። ሻዬን ስታፈላልኝ፣ ሸሚዜን ስትተኩስልኝ ስልሳ ዓመት አብራኝ ኖራለች፤ እኔ እትዬ እያልኩ ውሃ አምጪ እላታለሁ። ዛሬ በሁላችሁ ፊት ጉልበቷን ልስም ነው። የሚያፍር ካለ በሩ ክፍት ነው፤ እኔስ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።›»

«ያውቅ ነበር?» አሉ እትዬ።

«ያውቅ ነበር» አለች ልጅቱ።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም? እኔኑ ብቻ ጠርቶ በጆሮዬ ቢለኝ ምን ነበረበት?»

«ሊያስደስትሽ ፈልጎ ነዋ! ለእሁድ አስቀምጦት ነው!»

ከዚህ በኋላ እትዬ ያወጡት ድምፅ ከልቅሶም የባሰ ነበር፤ ዓርብ ያልጮኹት ሁሉ ነው የወጣው። ጎረቤት እስኪሰበሰብ ድረስ ጮኹ። «ልጄ» እያሉ ነው የጮኹት።

ሲደክማቸው ወንፊት ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች። ሊቀር የማይችል ሥራ ነውና የክስ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሙሉ ስማቸውን ጠየቀቻቸው፤ ዕድሜያቸውን ጠየቀቻቸው። ልጅቱ ወጥታ ነበር፤ ሹራብና ጫማ ይዛ ተመለሰች። ምንም ሳትል ተንበርክካ ጫማውን አደረገችላቸው። ይቅር ብላ ይሁን፣ ብርድ ነው ብላ ብቻ ይሁን፣ ወንፊት መለየት አልቻለችም፤ ምናልባት ልጅቱም አልለየችውም።

የቅጹ አራተኛ መስመር ላይ ወንፊት ብዕሯን አቆመች።

«ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና ምንድን ነው ይላል» አለች ቀስ ብላ። እንደወትሮው «የሩቅ ዘመድ» ቢሉ እንደዚያው ልትጽፍላቸው ቆርጣ ነበር።

እትዬ ዓይናቸውን ጠርገው ቀና አሉ። ታናሽየውን አዩት፤ ልጅቱን አዩዋት፤ በር ላይ የተሰበሰበውን ጎረቤት አዩት።

«እናቱ ነኝ» አሉ። «ጻፊው።»

ወንፊት ጻፈችው።