አሥራ አንደኛዋ ማንጎ

ወንድም ጋትቤል ፕላስተሩን በጥርሱ ቆረጠና አሥራ አንደኛዋን የወረቀት ማንጎ ግድግዳው ላይ ለጠፋት። «ኛቴኒ» የሚል ስም ተጽፎባታል።

«ምነው ዝም አላችሁ? አጨብጭቡላት እንጂ!»

የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ኅብረት አጨበጨበ። ኛቴኒ ጫማዋን ታያለች።

ግድግዳው ላይ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ተስሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ እያንዳንዱ ልጅ ተነሥቶ የሳምንቱን ፍሬ ይናገራል። የታመመ ለጠየቀ፣ የተጣላ ላስታረቀ፣ አንድ ማንጎ ይለጠፍለታል። የኛቴኒ ፍሬ ሁልጊዜ እማማ ኛቦት ናቸው። ዓይናቸው የጠፋ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ውሃ ትቀዳላቸዋለች፣ አብራቸው ትጸልያለች። እንዲያ እያለች ነው የምትናገረው።

እውነቱን ለመናገር፣ አራቱ ማንጎ ብቻ ነው የእሷ። ሰባቱ ውሸት ነው።

አምስተኛው ቅዳሜ ላይ ቮሊቦል ነበረ። በሚቀጥለው እሄዳለሁ ብላ ቀረች። ሲጠይቋት ግን አፏ ቀደማትና «ሄጃለሁ» አለች። ምድር አልተሰነጠቀችም። በስድስተኛው ቮሊቦልም አልነበረም፤ እንዲሁ ቀረች። ከዚያ ጸሎቱም ቀረ። ትንበረከካለች፣ የምትለው ታጣለች፣ ጉልበቷን አራግፋ ትነሣለች።

የማይቀረው ድምፁ ነው።

እማማ ኛቦት ውሃ ሲያልቅባቸው ባዶ ጀሪካናቸውን በራቸው ላይ በገመድ ያንጠለጥሉታል። ነፋስ ሲመጣ ከበሩ ቆርቆሮ ጋር ይጋጫል፤ ኳ፣ ኳ። መንገደኛ ሰምቶ እንዲቀዳላቸው ነው። ያ ድምፅ ኛቴኒን ተከትሏት መጣ። የሒሳብ ፈተና ላይ፣ ኳ። መዝሙር ልምምድ ላይ፣ ከከበሮው ሥር፣ ኳ። ቤቷ ከወንዙ ሩቅ ነው፤ ሊሰማ አይችልም። ይሰማታል።

«ነገ ከአምልኮ በኋላ ሁላችንም እማማ ኛቦት ጋ ሄደን እንዘምራለን» አለ ጋትቤል። «ኛቴኒ ትመራናለች።»

ጓደኛዋ ማሚቱ በክርን ጎሸመቻት። «ነቢይት ሆንሽ አይደል? እስቲ ለፊዚክስ ውጤቴ ጸልዪልኝ።»

«ተይኝ ባክሽ።»

«ውይ! ቅዱሳንም ይቆጣሉ እንዴ?»

ኛቴኒ ወደ ቤቷ አልሄደችም። በጠራራ ፀሐይ ወደ ባሮ ወረደች። ሐሳቧ አንድ ነው፤ እማማ ኛቦትን እንዳያጋልጧት መለመን። ገና ከሩቁ ሰማችው። ኳ፣ ኳ። የአሁኑ የእውነት ነው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ኛቴኒ!» በድምፅዋ ብቻ አወቋት። ሰባት ሳምንት እንዳልጠፋች ሁሉ መቀመጫ ዳብሰው አቀረቡላት።

«እማማ፣ ነገ ሰዎች ይመጣሉ። ስለ እኔ ከጠየቁዎት…»

«ጋትቤል ማክሰኞ መጥቶ ነበር። ‹ኛቴኒ በየሳምንቱ ትመጣለች አይደል?› አለኝ። ደስ ብሎት ነው የጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?»

«አዎ አልኩት።»

ኛቴኒ ትንፋሿን ለቀቀች። ተረፍኩ አለች በልቧ። አሮጊቷ ግን አልጨረሱም።

«ከተጠመቅሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። አንቺን እንዳያሳፍሩብኝ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ልጸልይ ስል አፌ ይደርቃል። ቃሉ አይመጣም።» እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቷን ፈልገው ያዙት። «አንቺ ጸልዪልኝ፣ ልጄ። እኔን እምቢ ብሎኛል።»

ኛቴኒ ዓይኗን ጨፈነች። አፏን ከፈተች። ምንም የለም። በሩ ላይ ጀሪካኑ ብቻ ይናገራል።

ተነሥታ ፈታችው። ቦኖው ጋ ተሰልፋ ሞላችው፤ ተሸክማ መጥታ ቤት ውስጥ አስቀመጠችላቸው። በሩ ላይ የቀረው ገመዱ ነው። ነፋሱ ገመዱን ያወዛውዘዋል፤ የሚጋጭ ነገር የለም። እሷ ግን ይሰማታል።

ኳ።

«ጸሎቱስ?» አሉ እማማ ኛቦት።

«እመለሳለሁ። መጀመሪያ የምሄድበት አለ።»

አዳራሹ አልተዘጋም ነበር። ጋትቤል ብቻውን እየጠረገ ነው።

«ምን ረሳሽ?»

ኛቴኒ አንዱን አግዳሚ ወንበር ጎትታ ዛፉ ሥር አስጠጋችና ወጣችበት። አሥራ አንደኛዋ ማንጎ ከሁሉ በላይ ናት። በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ጥፍሯን ከፕላስተሩ ሥር ሰደደች።

«ቆይ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሰባት ናቸው» አለች ኛቴኒ፣ ዞር ሳትል። «ሳወርዳቸው ቁጠርልኝ። ከዚያ ሁሉንም እነግርሃለሁ።»

የመጀመሪያዋ ከነግድግዳው ቀለም ተላጠች።