አሮጌው መንገድ ወዴት ይሄዳል?

ከረድኤት ቤት ፊት ለፊት ትልቅ አዲስ መንገድ አለ። ግራና ቀኙ በሽቦ ታጥሯል።

መኪኖቹ ሲፈጥኑ ለጉድ ነው። ቭዥዥዥ! ረድኤት «ያ ቀይ መኪ...» ብላ ሳትጨርስ ቀዩ መኪና የለም።

ከቤቷ ጓሮ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። እሱ አርጅቷል። መኪና አይሄድበትም።

«እማዬ፣ አሮጌው መንገድ ወዴት ይሄዳል?»

«ድሮ ሰው ሁሉ በሱ ነበር የሚሄደው» አለች እናቷ ልብስ እያሰጣች። «አዲሱ ሲሠራ ተዉት። አሁን የትም አይሄድም።»

ረድኤት ግራ ገባት። የትም የማይሄድ መንገድ አለ እንዴ?

ቅዳሜ ጠዋት አክስቷ ወይንሸት መጣች። ወይንሸት በጣም ረጅም ናት። ጥያቄ ደግሞ ትወዳለች።

«አክስቴ፣ አሮጌው መንገድ ወዴት ይሄዳል?»

«እኔ እንጃ! ነይ፣ ሄደን እንየው!»

እጅ ለእጅ ተያያዙና በደረቁ ሣር ላይ ሄዱ። ኮሽ! ኮሽ! ኮሽ!

አስፋልቱ ተሰነጣጥቋል። ከስንጥቁ መሀል አንዲት ቢጫ አበባ ብቅ ብላለች።

«ይቺ ትንሽዬ አበባ ናት አስፋልቱን የሰበረችው?»

«አዎ» አለች ወይንሸት። «ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ።»

ኮሽ! ኮሽ! ኮሽ!

መንገዱ ዳር ነጭ ድንጋይ ቆሟል። ረድኤት ጭቃውን በጣቷ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ሁለት ቁጥር ወጣ። ሰባት ቁጥር ወጣ።

«ሃያ ሰባት! ሃያ ሰባት ምን?»

«ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር። ሹፌሮች ይህን እያዩ ነበር ስንት እንደቀራቸው የሚያውቁት።»

ድንጋዩ ላይ አንድ እንሽላሊት ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አያቸው። አዩት። ሽው! ጠፋ።

ኮሽ! ኮሽ! ኮ...

«ሜ!»

ረድኤት ቀጥ ብላ ቆመች። «አክስቴ! መንገዱ አለቀሰ!»

«መንገድማ አያለቅስም።»

«ሜ! ሜ!»

ረድኤት ተንበረከከች። ጆሮዋን አስፋልቱ ላይ ለጠፈች። አስፋልቱ ይሞቃል።

«ሜ!»

«ከሥር ነው! ከመንገዱ ሥር ነው!»

ቁልቁል ወረዱ። ከመንገዱ ሥር የጎርፍ ውሃ የሚያልፍበት ሰፊ ቱቦ አለ። አፉን ግን ቅርንጫፍና ጭቃ ዘግቶታል።

ከቅርንጫፉ ጀርባ ሁለት ዓይኖች ያበራሉ።

«ግልገል ነው! የፍየል ግልገል!»

በዚህ ጊዜ ሰማዩ አጉረመረመ። ድድድም!

ወይንሸት ቀና ብላ ደመናውን አየች። «ዝናብ ከመጣ ጎርፉ በዚህ ቱቦ ነው የሚያልፈው። ቶሎ እናውጣው!»

አንዱን ቅርንጫፍ ያዙ። ሳብ! ሳብ! ሳብ! ወጣ።

ሌላውን ያዙ። ሳብ! ሳብ! ሳብ! ወጣ።

ትልቁን ያዙ። ሳብ! ሳብ! ሳብ! ንቅንቅ አልል አለ።

ግልገሉ ይንቀጠቀጣል። ረድኤት እጇን በቀዳዳው አስገብታ አፍንጫውን ዳሰሰችው።

«አይዞህ» አለችው። «አንሄድም። ሳናወጣህ አንሄድም።»

ድድድም! አንድ የዝናብ ጠብታ አንገቷ ላይ አረፈ።

«እንደገና!» አለች ወይንሸት። ሳብ! ሳብ! ሳብ! ሳ...

ቀሽ! ቅርንጫፉ ተሰበረ። ወይንሸት በቂጧ ጭቃው ላይ ዘጭ አለች።

ግልገሉ በላይዋ ዘሎ ወጣ! ሽቅብ ወደ መንገዱ ሮጠ።

«ያዢው!»

እሱ በአሮጌው መንገድ ላይ ሮጠ። ረድኤት ተከተለችው። ወይንሸትም ጭቃዋን ይዛ ተከተለች።

ግልገሉ አንዲት ሰማያዊ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ። «ሜ!»

በሩ ተከፈተ። ጥላ የያዙ አሮጊት ብቅ አሉ።

«አንተ! የት ገብተህ ነው? ከትናንት ጀምሮ ያልፈለግሁበት የለም!» አሉና እቅፍ አደረጉት። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ዝናቡ ወረደ። ዷ! ዷ! ዷ! በቆርቆሮው ላይ።

«ግቡ፣ ግቡ ልጆቼ!»

አሮጊቷ እማማ በለጡ ይባላሉ። ቤታቸው ድሮ ሻይ ቤት ነበር። ረጃጅም አግዳሚዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። የተቀመጠባቸው ግን የለም።

«ድሮ እዚህ በር ላይ መኪና ይሰለፍ ነበር» አሉ እማማ በለጡ፣ ወተት እያሞቁ። «ዛሬ ማን ይመጣል ብለሽ ነው? በዚህ መንገድ የሚመጣ ሰው የለም።»

ረድኤት ዙሪያዋን አየች።

«እኛ መጣን» አለች።

እማማ በለጡ ሳቁ። እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ሙሉ ወተት ሰጧት።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቤት ተመለሱ። የጎርፉ ውሃ በቱቦው ውስጥ ጓ ጓ እያለ ያልፋል። ረድኤት የአክስቷን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ማታ እናቷ ብርድ ልብስ አለበሰቻት። ጎንበስ ብላ ስትስማት አፍንጫዋን ያዘች።

«የኔ ልጅ፣ ፍየል ፍየል ትሸቺያለሽ!»

ረድኤት ሁሉንም ነገረቻት። ስለ አበባዋ፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ ግልገሉ፣ ስለ እማማ በለጡ።

እናቷ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያ አጠገቧ ጋደም አለች።

«ነገ እኔንም ትወስጂኛለሽ?»

ረድኤት ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች። «ግን ቦቲ ጫማ አድርጊ» አለች፣ በእንቅልፍ ድምፅ።