የተጣሉት ዘጠና ሦስት ሥዕሎች

ጋሽ ቀጥታ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ፤ ክፉን ሰው ሁሉም ያውቀዋል፣ ይጠነቀቀዋልም። አስቸጋሪው ለልጁ የሚያስብ፣ ደክሞ የሚሠራ፣ ግን ሳይጠይቅ የሚያስተካክል አባት ነው። እንዲህ ያለ አባት ደግሞ በየቤቱ ሞልቷል።

ሥራው ታፔላ መጻፍ ነው። የመድኃኒት ቤቱ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የጎማ ጠጋኙ፣ በሰፈሩ ዓይን የሚያርፍበት ታፔላ ሁሉ ከሞላ ጎደል የእሱ እጅ አለበት። ያለ ማስመሪያ ሁለት ሜትር መስመር ቀጥ አድርጎ ስለሚያሰምር ነው ይህ ስም የወጣለት፤ እውነተኛ ስሙን ከሚስቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሙያውን ያስተማረው ሰው ቁጡ ነበር። ተማሪው የጻፈው ፊደል ትንሽ ካዘመመ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠርጎ ራሱ ይጽፈዋል። ጋሽ ቀጥታም ማስተማር ማለት ይኼ ነው ብሎ አደገ።

ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከቅጥነቷ የተነሳ አክስቷ "ጭራሮ" ስላለቻት ቤተሰቡም በዚያው ይጠራታል። በዚያ ዓመት ጭራሮ ለወጣቶች በኢንተርኔት በሚሰጥ የአኒሜሽንና የፊልም ሥራ ትምህርት ተመዘገበች። ትምህርቱ አሥር ሳምንት ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ የአሥራ ስምንት ልጆች ፊት በትንንሽ አራት ማዕዘን ተደርድሮ ይታያል፤ መምህርቷ ሌላ ከተማ ሆና ታስተምራቸዋለች።

"ካርቱን ለመማርም ትምህርት ቤት ያስፈልጋል እንዴ?" አላት ጋሽ ቀጥታ የመጀመሪያው ቀን።

"ካርቱን ብቻ አይደለም አባዬ። ሥዕሉን ማንቀሳቀስ ነው የምንማረው።"

"የኔ ሥዕል ሳይንቀሳቀስ ነው ያሳደገሽ።"

አክስቷ ከተቀመጠችበት ሳቀች። አክስቷ የጋሽ ቀጥታ ታላቅ እህት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት በአሥር ጣቷ ታይፕ ስትመታ ኖራ፣ ከሁለት ዓመት በፊት የቀኝ ጎኗ ሽባ ሆኖ ወንድሟ ቤት ገባች። በየማለዳው ሹራቧን ትለብስና ቁልፎቹን በግራ እጇ ለመቆለፍ ትታገላለች። ጋሽ ቀጥታ ደግሞ ለሥራ ሲወጣ ያያትና ትዕግሥቱ ያልቃል።

"አምጪ እትዬ፣ ልቆልፍልሽ።"

"ተወኝ፣ ራሴ እቆልፈዋለሁ።"

"አንቺ እስክትቆልፊው ክረምቱ ይወጣል!" ብሎ አምስቱንም ቁልፍ ጠቅ ጠቅ አድርጎላት ይሄዳል። ከልቡ የሚወዳት እህቱ ናት፤ እንደረዳትም ያምን ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት መምህርቷ የመጨረሻውን ሥራ ሰጠች። "ሰው አንድ ትንሽ ነገር ሲያደርግ በአሥራ ሁለት ሰከንድ አሳዩኝ" አለች። ለአንድ ሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል ያስፈልጋል፤ ሲደመር መቶ አርባ አራት። እያንዳንዱ ሥዕል ከፊተኛው የሚለየው በፀጉር ያህል ነው። እጅ ፈጠን ሲል ደግሞ ጣቱ ተለጥጦ፣ አንዳንዴም ሁለት ሆኖ ይሣላል። ሥዕሉ ለብቻው ሲታይ ያስጠላል፤ ከጎረቤቶቹ ጋር በፍጥነት ሲያልፍ ግን ዓይን እውነተኛ እንቅስቃሴ ነው ብሎ ይቀበለዋል።

"ቆንጆዎቹን ሥዕሎች ማንም ይሥላል" አለች መምህርቷ። "ፊልሙን የሚሸከሙት አስቀያሚዎቹ ናቸው።"

ጭራሮ የአክስቷን ቁልፍ መረጠች። ወረቀቱን በመስኮቱ መስተዋት ላይ በፕላስተር ትለጥፋለች፤ ከውጭ የሚገባው ብርሃን የታችኛውን ሥዕል ስለሚያሳያት በላዩ ቀጣዩን ትሥላለች። በየወረቀቱ ጥግ ቁጥር ትጽፋለች። አክስቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ያንኑ ሦስተኛ ቁልፍ ትከፍታለች፣ ትቆልፋለች።

"ደግሜ ልክፈተው?"

"ክፈችው አክስቴ። ቀስ ብለሽ።"

"ቀስ ብለሽ ትለኛለች! ፈጥኜ የማውቅ ይመስል።" ትስቅና ትቀጥላለች። "በስልሳ ዓመቴ ተዋናይ ሆንኩ። ያውም በአንድ እጅ። ሐኪም ያላንቀሳቀሰኝን አንቺ አንቀሳቀስሽኝ።"

ሥዕሎቹን ፎቶ ለማንሳት የእናትየው ስልክ ያስፈልግ ነበር። እናት በሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ስልኳ ከእሷ ጋር ይውላል፤ የምታርፈው እሑድን ብቻ ነው። በስድስተኛው እሑድ ጭራሮ የመጀመሪያዎቹን አርባ ስምንት አንስታ ለመምህርቷ ላከች። የቀሩትን ዘጠና ስድስት እስከ ረቡዕ ማታ ሥላ ጨረሰችና ለሚቀጥለው እሑድ ከመስኮቱ ሥር ደርድራ አስቀመጠቻቸው።

ሐሙስ ጠዋት አክስቷ አልነቃችም።

ከቀብር በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ለቀስተኛ ከመምጣቱ በፊት ጋሽ ቀጥታ የእህቱን ክፍል ማስተካከል ጀመረ። መድኃኒቶቹን ሰበሰበ፣ አልጋውን አነጠፈ፣ ከመስኮቱ ሥር ጎንበስ ሲል የወረቀቱን ቁልል አገኘ። ገለጥ ገለጥ አደረገው። እጅ። ያው እጅ። እንደገና ያው እጅ። መስመሩ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ላይ ስድስት ጣት አለ፤ ሌላው ላይ አውራ ጣቱ እንደ ማስቲካ ተስቧል። ይህን እንግዳ ቢያየው ምን ይላል? የታፔላ ጻፊው ልጅ እጅ መሣል አትችልም? ደግሞስ እትዬን ስድስት ጣት አድርጎ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ነው?

መጣል ብቻም አልፈለገም። ከመካከላቸው ሦስት የተሻሉ መረጠ፦ ጣቶቹ ቁልፉን ሲይዙ፣ ቁልፉ ግማሽ ሲገባ፣ ተቆልፎ ሲያልቅ። በጥቁር ቀለም የሚንቀጠቀጠውን መስመር ሁሉ ቀጥ አደረገው፤ ከጥጉ ቁጥሩን ፍቆ አጠፋና በመስተዋት ፍሬም ውስጥ አስገባቸው። ለእህቱ መታሰቢያ፣ ለልጁ ማበረታቻ። ሲሰቅለው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችው። "የቀሩትንስ ምን ልታደርጋቸው ነው?"

"ሱቅ እወስዳቸዋለሁ። ለብሩሽ መጥረጊያ ጥሩ ወረቀት ነው።"

"መጀመሪያ ጠይቃት እንጂ። ቁጥር ሁሉ ተጽፎባቸዋል።"

"ምኑን እጠይቃታለሁ? አንድ ዓይነት ናቸው እኮ! ላስደስታት ነው፣ አታበላሺብኝ።"

ሚስትየው ደክሟት ነበር፤ አልተከራከረችም። ዝም ማለቷም በኋላ ከበዳት።

እሑድ ጠዋት ጭራሮ የእናቷን ስልክ ይዛ ገባችና ግድግዳው ላይ ያለውን ፍሬም አየች። አባቷ ከኋላዋ ቆሞ ይጠብቃል።

"እንዴት ነው? ትንሽ አስተካከልኩልሽ።"

"ሌሎቹስ?" አለች።

"የትኞቹ?"

"ሌሎቹ አባዬ። ዘጠና ሦስቱ።"

"ያው አንድ ዓይነት እኮ ናቸው። ከውስጣቸው ቆንጆ ቆንጆዎቹን…"

መጨረሻውን አልጠበቀችም። ሱቁ ከቤቱ ጎን ነው። ሄዳ ስታይ ወረቀቶቹ በቲነሩ ጣሳ ዙሪያ ተጨማድደው ወድቀዋል። ግማሾቹ ለሥጋ ቤቱ ታፔላ ተበጥብጦ በተረፈ ቀይ ቀለም ርሰው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። አንዱን ለማላቀቅ ሞከረች፤ ለሁለት ተቀደደ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ለጋሽ ቀጥታ በቀለለው።

"ሌላ ትሥያለሽ" አላት ከኋላዋ ደርሶ። "ዋናው እጅሽ ነው። እጅሽ ደግሞ አለ።"

"ከማን ላይ አይቼ?" አለችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ማክሰኞም ሐሙስም ኮምፒውተሩን አልከፈተችም። በሁለተኛው ሐሙስ መምህርቷ ራሷ በቪዲዮ ደወለች። ጭራሮ ከክፍሏ አልወጣ ስትል፣ ጋሽ ቀጥታ ሸሚዙን አስተካክሎ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠና የሆነውን ነገራት። ሲነግራት ልጁ ያጠፋችውን ጥፋት የሚያስረዳ አባት ይመስል ነበር። መምህርቷ አልተቆጣችም።

"ፍሬሙን አምጥተው በካሜራው ያሳዩኝ" አለችው። "መጀመሪያ ግን ይህን ይመልከቱ።"

ጭራሮ የላከቻቸውን አርባ ስምንት ፎቶዎች አጫወተችለት። አራት ሰከንድ ነው። የእህቱ እጅ ከጉልበቷ ተነሳ፤ ደረቷን ዳሰሰ፤ ቁልፉን አገኘው፤ ሾለከባት፤ ጣቶቹ ለቅጽበት አየር ላይ ተንጠልጥለው ቆዩ፤ ከዚያ ደግመው ወረዱ። እትዬ ነበረች። ትዕግሥቷ፣ እልኋ፣ "ተወኝ" የምትለው ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር።

ፍሬሙን ወደ ካሜራው ሲያስጠጋ መምህርቷ በውስጡ ያሉትን ሦስት ሥዕሎች ከስክሪኑ በፎቶ ወስዳ ከአርባ ስምንቱ ኋላ ቀጠለቻቸው። እጁ ያዘ፤ ዘለለ፤ ቆለፈ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ አለቀ። ልክ ማሽን ይመስል ነበር።

"እሷ እንዲህ አይደለችም" አለ ጋሽ ቀጥታ።

"አይደለችም" አለች መምህርቷ። "እሷ በመካከል ነበረች። በጣሏቸው ውስጥ።"

ኮምፒውተሩን ዘጋ። መስመሩ የተንቀጠቀጠው ልጁ መሣል ስላልቻለች ሳይሆን የእህቱ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። ልጅቱ ያየችውን ነበር የሣለችው። እሱ ነው ያላየው።

በነጋታው የእህቱን ሹራብ ለብሶ ወደ ልጁ ክፍል ገባ። ሹራቡ ትከሻው ላይ ጠቦ ያስቃል፤ ማንም ግን አልሳቀም።

"ልቀመጥልሽ" አላት። "በግራ እጄ እቆልፋለሁ። አንቺ ሣዪ። የፈለግሽውን ያህል ሰዓት እቀመጣለሁ።"

ጭራሮ አየችውና እስክሪብቶዋን እንኳ አላነሳችም። "የትኛው ጣት እንደሚቀድም ረስቼዋለሁ አባዬ። አንተ ታውቀዋለህ?"

አያውቀውም። ሹራቡን አውልቆ አጣጥፎ ወጣ።

የትምህርቱ የመጨረሻ ቀን ወላጆችም በየቤታቸው ሆነው እንዲያዩ የተጋበዙበት ቅዳሜ ነበር። መምህርቷ አራቱን ሰከንድ ብቻ ቆርጣ ልታሳይላት ጠይቃት ነበር፤ ጭራሮ ግን አልተስማማችም። "ፊልሙ አሥራ ሁለት ሰከንድ ነው" አለች። ተራዋ ሲደርስ የአክስቷ እጅ አራት ሰከንድ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ስምንት ሰከንድ ሙሉ ነጭ። ለወሬ አጭር የሆነው ጊዜ ለባዶ ወረቀት በጣም ረጅም ነው። አንድ ወላጅ ከስክሪኑ ጥግ፣ "ኔትወርክ ተቋረጠ እንዴ?" አለ።

ጋሽ ቀጥታ ከልጁ ጎን ተቀምጦ ነበር። እጁን አወጣ፤ መምህርቷ ራሷን ነቀነቀችለት፤ መናገር ጀመረ። ሌሊቱን ሲያስብበት ያደረ ንግግር ነበር። ስላስተማረው ሰውዬ፣ ስለ ቤንዚኑ ጨርቅ፣ እህቱ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቁልፍ እንኳ ራሷ እንድትቆልፍ እንዳልፈቀደላት ተናገረ። ላቡን እየጠረገ ቀጠለ። ሲጨርስ በስክሪኑ ላይ ያሉት ፊቶች ሁሉ ግራ ተጋብተው ያዩታል።

"አባዬ" አለች ጭራሮ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። "ድምፅህ ተዘግቷል። ማንም አልሰማህም።"

እጇን ዘርግታ ማይክሮፎኑን ከፈተችው።

ያን ሁሉ ንግግር ሁለተኛ የሚልበት አቅም አልነበረውም። የቀረው ይህ ብቻ ነበር፦

"ኔትወርክ አይደለም። የቀሩትን ሥዕሎች የጣልኳቸው እኔ ነኝ። አስቀያሚ መሰሉኝ፤ ሳልጠይቃት ጣልኳቸው። እናንተም ልጃችሁ ስትሠራ የማይገባችሁን ነገር ካያችሁ፣ ከማስተካከላችሁ በፊት 'ይኼ ምንድን ነው?' በሏት። ሦስት ቃል ነው። እኔ ሦስት ቃል ከበደኝ።"

ከዚህ የተሻለ ምክር የሚጨምር ሰው አልነበረም። አዲስ ትምህርት የሚማር ልጅ ሥራው ለወላጁ ዓይን ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ይመስላል፤ ቆሻሻ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ግን የሚሠራው ልጅ ነው፤ እሱን መጠየቅ ደግሞ ማንንም አያዋርድም። በዚያ ቀን ስክሪኑ ላይ የነበሩ ወላጆች ይህ ገብቷቸው ከሆነ፣ ስምንቱ ሰከንድ ከንቱ አልቀረም። ለጭራሮ ግን ያው ስምንት ባዶ ሰከንድ ነው።

አባቷን አላቀፈችውም። "ደህና ተናገርክ" አለችውና ማይክሮፎኑን መልሳ ዘጋች። ቀጥሎ የሌላ ልጅ ፊልም ተከፈተ፤ የእሱ ሙሉ ነበር።