ከወናፉ ጀርባ

በእውነት የሆነ ነገር ነው። አልጨመርኩበትም... እንዲያውም ቀንሼለታለሁ።

ዘመኑ 1960 ነው። ጥር ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው። ቦታው ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው የበጋ መንገድ ላይ፣ የጋይንት አገር ሳያልቅ፣ አንድ የወንዝ መሻገሪያ ነው።

የወንዙን ስም አልጽፍም። ዛሬም የሚሻገረው ሰው አለ።

ሰዓቱ ደግሞ ሌሊት አልነበረም።

ቀትር ነበር። ልክ ስድስት ሰዓት። ሰው ጥላውን ረግጦ የሚቆምበት ሰዓት።

አስማረ እባላለሁ። ጎንደር እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬ ከአንድ ጭነት መኪና ጋር በመካኒክነት እዞር ነበር። ሾፌሩ ጋሼ ካሣሁን ይባላሉ። "ሕልመኛው" ነው የሚሉኝ። ብቻዬን ተቀምጬ ጋራ ጋራውን ሳይ መዋል ስለምወድ።

ያን ቀን ገብስ ጭነናል። ከገብሱ ጆንያ በላይ ደግሞ የቆሰለ ሰው።

አንዳርጌ ይባላል፤ የስማዳ ሰው። በወሰን ጠብ ጎኑን በጥይት ተመቶ፣ ከወገዳ በቃሬዛ ንፋስ መውጫ ድረስ ተሸክመው አመጡት። ወንድሙ ሞላ ምንሽሩን እንዳነገበ ከመኪናችን ፊት ቆመ፤ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ካላደረሳችሁልኝ ከዚህ አትንቀሳቀሱም አለ። አልለመነንም። ነገረን።

ጫንነው።

ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር፣ ከኮፋኖው ሥር ነጭ እንፋሎት ፈነዳ።

ሞተሩ ለዚያ አገር እንግዳ ነው። እንደ ሌላው አየር በራሱ አይስብም፤ ጎኑ ላይ እየተሽከረከረ አየር በግድ የሚያጎርሰው ትልቅ ብረት አለው። እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ስለሚነፋ፣ እኛም ወናፍ እንለዋለን። ጉልበቱ ሌላ ነው። ታዲያ ከወናፉ ጀርባ፣ በሞተሩና በጋቢናው ግድግዳ መካከል፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ የምታሳልፍ ስንዝር የምታህል የጎማ ቱቦ አለች። ማኒኮቶ ትባላለች። ዓይንም እጅም በማይደርስበት ነው የሸጎጧት።

የፈነዳችው እሷ ናት።

በወጉ ቢሆን ወናፉ ተፈትቶ ነው የምትቀየረው።

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለ ሞላ፣ ከጭነቱ ላይ ዘሎ ወርዶ።

"ወናፉ ከተፈታ... ቀኑን ሙሉ።"

"ቀኑን ሙሉ።"

"ሳልፈታው በክፍተቱ እጄን አስገብቼ ልሞክር እችላለሁ። አንድ ሰዓት።"

ምንሽሩን ከትከሻው አወረደ። አልደገነብኝም። ጎማው ላይ አስደገፈው... እንዳየው ብቻ።

"ስማ፣ ተማሪ። ወንድሜ ሐኪም ሳያየው እዚህ ነፍሱ ከወጣች፣ እናንተም እዚሁ ናችሁ።"

"ተወው ይሥራበት" አሉ ጋሼ ካሣሁን። "ብረቱን እሱ አልወለደው።"

"አንተ ሽማግሌ፣ አፍህን ያዝ። በዳገት ስታስጮኸው የከረምክ አንተ ነህ።"

ከላይ አንዳርጌ አቃሰተ።

ያኔ ነው አንዲት ሴትዮ የመጣችው።

ከማዶው ጋራ ቁልቁል ወረደች። ጀርባዋ ላይ ሙሉ እንስራ። ወንዙን ስትሻገር ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠች ነው፤ ውሃው የእግሯን ጣት እንኳ እንዳይነካት።

"እመት፣ ውሃ ከየት ቀድተው ነው?" አሉ ጋሼ ካሣሁን።

"ከጋራው ወዲያ።"

"ወንዙ እዚህ እያለ?"

የተከፈተውን ኮፋኖ ነበር የምታየው።

"በዚህ ሰዓት ልትሠሩ ነው?"

"ታዲያስ?" አለ ሞላ።

"ጥላ ሲረዝም ሥሩ። አሁን ተቀመጡ።"

"የወንድሜ ደም ጥላ አይጠብቅም። ሂጂ ወደ መንገድሽ።"

"ሄጃለሁ" አለች። "ከእንስራዬ ግን አንድ ቅል አልሰጣችሁም። የዚህን ቦታ ሥራ አላግዝም።"

ዞር ብላ አላየችንም።

ሞላ እየተሳደበ ሁለቱን ጀሪካን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። እጁን ሲነክር አየሁት... ቆም አለ።

"ለብ ያለ ነው" አለ።

የጥር ወንዝ። የደጋ ወንዝ። ጠዋት ላይ እጅ የሚቆርጥ።



ኮፋኖው ላይ በደረቴ ተኛሁ። ቀኝ ክንዴን ከወናፉ ጀርባ አስገባሁ... እስከ ብብቴ። ጉንጬ ከትኩስ ብረት ላይ ተለጠፈ። ምንም አይታየኝም። ዓይኔ የጣቶቼ ጫፍ ነው።

ማኒኮቶዋ በሁለት ጫፏ የብረት ቀለበት ታስራለች። ቀለበቱን የሚያጠብቀው አንድ ብሎን ነው። የፊተኛውን በአጭር ካቻቢቴ ፈታሁ። የኋለኛው ብሎን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፤ በሩብ በሩብ ዙር እያላላሁ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አሮጌዋን በቢላ ቀድጄ አወጣኋት። አዲሷን ሳሙና ቀብቼ እያሽከረከርኩ አስገባኋት። የፊተኛውን ቀለበት አሠርኩ።

የኋለኛውን ሳስር... ብሎኑ ከጣቴ አመለጠ።

ጆሮዬን አቆምኩ። ሲወድቅ ድምፅ ይኖራል። ብረት ከብረት፣ ወይ ብረት ከድንጋይ።

ምንም አልሰማሁም።

ሌላ ብሎን የለንም። ያለ እሱ ማኒኮቶዋ በመጀመሪያው ዳገት ትወጣለች። አንዳርጌ ደግሞ ማቃሰቱን ትቶ ነበር።

በጣቶቼ ዳሰስኩ። ትኩስ ብረት። ሽቦ። ቅባት።

ከዚያ... ጣት።

ጋሼ ካሣሁን ከሥር ገብተው መሰለኝ።

"አገኙት፣ ጋሼ?" አልኩ በሹክሹክታ።

ጣቱ መዳፌን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። አዎ እንደማለት።

ብሎኑ ጣቶቼ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያዝኩት። ሳብኩት።

አልለቀቀኝም።

እጁ የሽማግሌ እጅ ነው። ቆዳው እንደ ደረቀ ጠፍር። ብሎኑን ይዞ ጠበቀኝ... በትዕግሥት።

ይህን የሚያውቀው እንደ እኔ ያደገ ሰው ነው። አባቴ እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ መሪጌታ ነበሩ። ቁራሽ ሲሰጡኝ በአንድ እጅ ከዘረጋሁ ቁራሹን አይለቁትም። ሁለተኛው እጅ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። "ታላቅ ሲሰጥህ በሁለት እጅ።" ካልሆነ አርጩሜው አለ።

አላሰብኩበትም። ልማድ ነው።

ግራ እጄንም ከወናፉ ሥር አሾልኬ ሰደድኩት። ሁለቱን መዳፎቼን ገጥሜ ዘረጋሁ።

ብሎኑ መዳፌ ላይ ወደቀ።

"አስማረ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጋሼ ካሣሁን ነው። "ስንት ጀሪካን ይበቃል?"

ድምፁ የመጣው ከወንዙ ነው።

ቀና ለማለት ሞከርኩ። በክንዴና በወናፉ መካከል ባለው ቀዳዳ፣ ወንዙ ዳር ሁለት ሰው ቆሞ ታየኝ። ጋሼ ካሣሁንና ሞላ።

ከመኪናው ሥር ማንም የለም።

እጆቼን ሳብኩ።

ያ እጅ ሁለቱንም አንጓዎቼን ጨበጠ። አንድ እጅ ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ ጨበጣቸው።

"በሁለት እጅ ተቀበልክ" አለ።

ድምፁ ቀስ ያለ ነው። የተረጋጋ። ከማኒኮቶዋ ጀርባ... ላሜራ ብቻ ካለበት።

"ልቀቁኝ..."

"ደግ አሳድገውሃል።"

"ይልቀቁኝ፣ በማርያም።"

"ወንፈል ነው እንጂ። እኔ ላንተ ወጣሁ። አንተ ደግሞ ለኔ።"

ወንፈል የአራሽ ደንብ ነው። ዛሬ እኔ ያንተን እርሻ አርስልሃለሁ፤ ነገ አንተ የኔን። እምቢ ማለት የለም። ያልመጣ ሰው ከዚያ ወዲያ በአገሩ ሰው አይባልም። መምጣት ያልቻለ ግን... በእሱ ፋንታ ሌላ ይልካል።

"እኔ አልችልም" አልኩ። "ላይ በሽተኛ አለ። ይሞታል።"

"እንግዲያስ ሰው ላክልኝ።"

"ማንን?"

"አንተ ታውቃለህ።"

ከወንዙ የሞላ ድምፅ መጣ።

"ይህ ተማሪ ተኝቷል መሰለኝ። በእርግጫ ልቀስቅሰው?"

እጁ አጠበቀ። ጣቶቼ ደነዘዙ። እጆቼ ካልወጡ መኪናው አይሄድም፤ መኪናው ካልሄደ አንዳርጌ ይሞታል፤ አንዳርጌ ከሞተ እኛም እንሞታለን። ይህን ነበር ያሰብኩት። ይህን ብቻ ነበር ብል ግን ውሸት ነው። ሞላን ጠልቼው ነበር።

ስሙን አልጠራሁትም። እምላለሁ፣ ድምፅ አላወጣሁም።

ከንፈሬ ግን ተንቀሳቅሷል።

ለቀቀኝ።

እጆቼን ሳወጣ ባዶ ነበሩ። ብሎኑ የለም። ደንግጬ ቀኜን መልሼ ሰደድኩና ቀለበቱን ዳሰስኩት... ብሎኑ ገብቷል። ጠብቋል። እኔ ከማጠብቀው በላይ።

ከኮፋኖው ወርጄ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። ጋሼ ካሣሁን ብቻቸውን ጀሪካኖቹን ይዘው መጡ፤ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ገለበጡ።

"ምነው? ፊትህ አመድ መሰለ።"

"ሙቀቱ ነው... እንሂድ፣ ጋሼ።"

ሞተሩ ተነሣ። ወናፉ ጮኸ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

"ሞላ፣ ወጣህ?" አሉ ጋሼ ካሣሁን በመስኮቱ።

ከላይ ላሜራው ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

ሄድን።

የእስቴ ጋራዎች በግራችን አለፉ። ዳገት ወጣን፣ ሌላ ዳገት ወጣን። የሙቀቱ መርፌ ከቅዝቃዜው ምልክት ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ ሞተር የለም። ጋሼ ካሣሁን አንድ ጊዜ የመርፌውን መስታወት በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት፣ ከዚያ ማየቱን ተዉ።

እኔ በኋላ መስኮት ወደ ጭነቱ አያለሁ።

አንዳርጌ ተጋድሟል። አንድ ጋቢ የተከናነበ ሰው ከራስጌው ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ደግፎታል። ወንድምነት ነው አልኩ። ደስም አለኝ። የፈራሁት ነገር አልሆነም ማለት ነው።

መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነጠረ። እኛ ነጠርን። ጆንያው ነጠረ። አንዳርጌ ነጠረ።

እሱ አልነጠረም።

ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ አላየሁም።

ደብረ ታቦር የደረስነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የሐኪም ቤቱ ሰዎች አንዳርጌን አወረዱት። ነፍሱ አለች። ሐኪሙ ቁስሉን ገልጦ አየና ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለ፤ አልጨረሰውም።

ሞላ አብሮ ሲገባ አላየሁትም። ጭነቱ ላይም የለም። ምንሽሩም የለም።

ወደ ቃሬዛው ተጠጋሁ።

"አንዳርጌ... ሞላስ?"

ዓይኑን ገለጠ። ረጅም ጊዜ አየኝ።

"አንተ ነህ እኔን የምትጠይቀኝ?"

"እኮ የት ሄደ?"

"እዚያ ወንዙ ላይ... ጠራኸው እኮ። 'ሞላ፣ እስቲ ና ያዝልኝ' አልከው። ጭነቱ ላይ ተጋድሜ ሰማሁህ። 'መጣሁ' አለህ። ከመኪናው ሥር ሲገባ ነጠላ ጫማው ሲንሸራተት ሰማሁ።"

"አልጠራሁትም።"

"ድምፅህን አላውቀውም?"

"ተመልሶ ወጥቷል እንጂ። አይቼዋለሁ። ጭንቅላትህን ደግፎ ነው የመጣው።"

አንዳርጌ አለቀሰ። ከስማዳ እስከዚያ ድረስ ጥይት በጎኑ ይዞ ያላለቀሰ ሰው ነው።

"ደግፎ አይደለም" አለ በሹክሹክታ። "እንዳልጮህ አፌን ይዞኝ ነው።"

አስገቡት። በሩ ተዘጋ።

ወደ መኪናው ተመለስኩ። ጎማውን ረግጬ ጭነቱ ላይ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም።

ጆንያው ሁሉ አቧራ ነው። ደረቅ የበጋ አቧራ።

ከራስጌው ያለው አንዱ ጆንያ ግን ርሷል። ሰው በተቀመጠበት ልክ ጎድጉዷል። ጎድጓዳው ውስጥ ውሃ አለ፤ ይተናል።

ከውሃው ዙሪያ፣ በጆንያው ቀዳዳ ቀዳዳ... ገብሱ በቅሏል። አረንጓዴ ነው። ስንዝር አልፏል።

ገና ጠዋት ነበር የጫንነው።