የኮምፒዩተሩ ክፍል ደጃፍ

የኮምፒዩተር ባለሙያው ምትኩ የተገኘው ከማሽኑ ፊት፣ ከወንበሩ ወደ ጎን ወድቆ ነበር። ማጅራቱን አንድ ጊዜ ተመትቷል፤ የተመታበት የሚዛን ብረት እግሩ ሥር ተጥሏል። የመቶ አለቃ በላይነህ ከደብረ ታቦር ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ ሲደርስ፣ ያለ ወራቱ የመጣው የኅዳር ዝናብ ገና ከቆርቆሮው ጠርዝ ይንጠባጠብ ነበር። የእህል መሰብሰቢያው ግቢ ጭቃ ለጭቃ ሆኗል።

«ጫማዎን ያውልቁ» አለው ጥበቃው ዘውዱ ከበሩ ላይ። ሬሳ ባለበት ቤት ይህን ማለቱ አሳፈረውና አቀረቀረ።

በላይነህ አወለቀ። ሕጉን ያመጣው ሟቹ ራሱ ነው፤ አቧራ ማሽኑን ይገድላል ብሎ። ሠራተኞቹ ግን የራሳቸውን ጨመሩበት፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን የወንዶቹን ጫማ በግራ፣ የሴቶቹን በቀኝ ያኖሩ ጀመር። ማንም አላዘዛቸውም። የሟቹ ጥቁር ቆዳ ጫማም በስተግራ፣ አፍንጫው ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ጎን ለጎን ተቀምጧል። የክፍሉ ሲሚንቶ ወለል ንጹሕ ነበር፤ አንዲት የጭቃ ጠብታ አልነካችውም።

ዘውዱ ያየውን ተናገረ። ዝናቡ ሊጀምር ሲል ምትኩ እየተቻኮለ መጥቶ፣ እንደ ልማዱ ጫማውን መሀል ደጅ ላይ ወርውሮ ገባ። ዘውዱ ጄነሬተሩን አስነሥቶ፣ በሩ ከማይታይበት ከጄነሬተሩ መጠለያ ሥር ቀረ። የሞተሩ ጩኸትና የቆርቆሮው ድብደባ ሌላ ድምፅ አላሰማውም። ሠራተኛው ሁሉ ለውይይት አዳራሽ ገብቷል፤ ከምትኩና ከዘውዱ ሌላ ያልገቡት ኃላፊው ደሞዜ፣ መዛኙ እሸቴና ጸሐፊዋ ፈንታነሽ ብቻ ነበሩ። ዝናቡ ሲያባራ በሩን ከፍቶ አገኘው።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ ደሞዜ ገዳይ ነው ያለውን ሰው አስቀድሞ ይዞ ቆይቷል። ሽማግሌው መዛኝ እሸቴ እጃቸውን ታስረው የእህል መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠዋል።

«ብረቱ የሳቸው ነው፤ ማሽኑንም ሲረግሙ የሰማ ሁሉ ይመሰክራል» አለ ደሞዜ። «ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፣ ጓድ የመቶ አለቃ። ነገ ጠዋት የገበሬው የእህል ኮታ የተመዘገበበትን ዲስክ ወደ ጎንደር የሚያደርሰው መኪና እሳቸውንም ይወስዳል።»

በላይነህ፣ በአሻጥር ተከሶ ጎንደር ወርዶ የተመለሰ ሰው አያውቅም። እስከ ጠዋት ካልደረሰበት ሽማግሌው አለቀላቸው ማለት ነው።

እሸቴ አጠገብ ዱቄት የነካው ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«አያ እሸቴ፣ ማሽኑን ረግመዋል ይሉኛል።»

«ረግሜያለሁ። ቢሰማኝ ደግ ነበር።»

«ብረቱስ?»

«ነፋስ የማሽኑን ክፍል በር ያንገጫግጭብናል ብላ ፈንታነሽ ብትለምነኝ ማስደገፊያ ሰጠኋት። ከዛገ ሚዛን የተረፈ ነው። እዚያ ከተቀመጠ ሰነበተ።»

«ወደ ክፍሉ ገብተው ያውቃሉ?»

«ምን ልሠራ?» እግራቸውን ዘረጉለት፤ ባዶና እስከ ቁርጭምጭሚቱ የተለቀለቀ ነበር። «ይህን ይዤ ብገባ ያ ልጅ ያብድ ነበር። የራሱን ጫማ ግን እንደ ተነዳ ከብት በየደጁ ጥሎት ይሄዳል።»

ከዚያ ሽማግሌው ሳይጠየቁ ስለ ቀድሞው አወሩ። መጀመሪያ የየአገሩ ሽማግሌ መጥቶ ዘንድሮ እንዲህ ሆነብን ሲል ይሰማና ኮታው ይቆረጥ ነበር። ቀጥሎ ቅጽ መጣ፤ ሽማግሌውን የሚሰማ ቀረ። ቀጥሎ የመመዝገቢያ ካርድ። አሁን ደግሞ ይህ ነገር። የጉና ገብስ በመስከረም ለምለም ሳለ ምርቱ ተገምቶ በቅጽ ተሞላ፤ በጥቅምት ማለቂያ ውርጭ አነደደው። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የመስከረሙን ነው። እሳቸውም የጉና ሰው ናቸው።

«በመስከረሙ ቁጥር ኮታው ከተጠየቀ?» አለ በላይነህ።

«ዘሩ ይሄዳል። ዘር የበላ ገበሬ ደግሞ ለከርሞ ምን ይሆናል፣ ልጄ?»

ደሞዜን ሲጠይቀው ሰውየው ላብ ላብ አለው። በዝናቡ ጊዜ ለውይይቱ የሚያነበውን ንግግር ቢሮው ሆኖ ሲያጠና እንደነበር ተናገረ፤ ያየው ሰው የለም። ከምትኩ ጋር ተጣልተው እንደሆነ ሲጠየቅ አመነ። ምትኩ ከማሽኑ ውስጥ አንድ ቁጥር ተለውጧል፣ ራሴ እመልሰዋለሁ ብሎት፣ የለዋጩን ስም ግን አልነግርም ስላለው ነው የተቆጣው።

«የየትኛው አገር ቁጥር?»

«እሱንም አልነገረኝ። እኔ እንደሆን ያንን ዕቃ ነክቼው አላውቅም።»

ፈንታነሽ ጸጥ ያለች፣ ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒዩተር የተዛወረች ጸሐፊ ናት። በዝናቡ ጊዜ ዕቃ ቤት ወንበር ስትቆጥር እንደነበረች፣ ከጠዋት ወዲህ ወደ ማሽኑ ክፍል ዝር እንዳላለች ነገረችው። ምትኩ ደግ አስተማሪ እንደነበርም ጨመረች። ቤተሰቦችዋ የት እንዳሉ ጠየቃት።

«ወንድሞቼ ጉና ናቸው።»

በማግስቱ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ሲጠብቅ በላይነህ ሁሉንም ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ጠራ። ቀድሞ ገባ፤ ቦት ጫማውን አውልቆ አንዱን በጎኑ፣ አንዱን በአፍጢሙ መሀል ደጃፍ ላይ ጣለው። ዘውዱን ደጅ ቆመህ ማን ምን እንደሚያደርግ እይ ብሎታል። ደሞዜ የራሱን ጫማ አውልቆ ቦቱን ተራምዶ አለፈ። እሸቴ እግራቸውን በጆንያ ቢያብሱም ወለሉ ላይ የጭቃ ፈለግ ጥለው ገቡ። ፈንታነሽ መጨረሻ ደረሰች።

በላይነህ ወደ ሽማግሌው ፈለግ ጠቆመ።

«አያ እሸቴ ታብሰው እንኳ ይህን ያህል ትተዋል። ትናንት በዝናብ ቢመጡ ወለሉ ይናገር ነበር። ገዳዩ ለመግደልም ሲገባ ጫማውን አውልቋል ማለት ነው፤ ወይም የገባው ለመግደል አልነበረም። ብረቱ እዚሁ በር ሥር ነበር፤ ማንም ያነሣዋል። ስለዚህ ሁለት ሰው ቀረ።»

ደሞዜ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ በላይነህ በእጁ ገታው።

«ምትኩ ሲገባ ጫማውን መሀል ደጅ ላይ ጥሎታል። ዘውዱ አይቷል፤ በኋላም አልነካውም። ሬሳው ሲገኝ ግን ጫማው በግራ፣ በሥርዓቱ ተቀምጧል። የሞተ ሰው ጫማ አያስተካክልም። ከእሱ በኋላ የመጣ ሰው፣ ልቡ ሌላ ነገር እያሰበ እጁ የለመደውን ሠርቷል። ዘውዱ፣ የእኔ ቦት የት ነው?»

«በስተግራ ነው፣ የመቶ አለቃ። አፍንጫው ወደ ግድግዳ።»

«ማን አኖረው?»

«ፈንታነሽ።»

ሁሉም ወደ እርስዋ ዞሩ። እጆችዋን የሌላ ሰው እጆች እንደሆኑ ሁሉ ትመለከታቸው ነበር።

በላይነህ እዚህ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር። ነገር ግን ሐሳቡ ተያይዞ መጥቶለታል፤ የተፈታ ቋጠሮ እስከ ጫፉ ካልተተረተረ ደስ አይለውም። የተለወጠው ቁጥር የጉና ገብስ እንደሆነ ተናገረ። ማሽኑን ከምትኩ ሌላ የምታውቅ እርስዋ ብቻ መሆንዋን፣ ወንድሞችዋ እዚያ እንዳሉ፣ ምትኩ የመስከረሙን ቁጥር ሲመልስ እንደደረሰችበት አስረዳ። «ከመታችውም በኋላ ውርጩ ያስቀነሰውን ቁጥር መልሳ አስገብታለች» አለ። «ዲስኩ ላይ ያለው እሱ ነው።»

«አልተጣላንም» አለች ፈንታነሽ። «ማሽኑ ከቅጹ የተለየ ካለ ውሸት ነው አለኝ። ይቅር በይኝ ብሎ ዞሮ መጻፍ ጀመረ። ይቅር በይኝ ባይለኝ ኖሮ ምናልባት እወጣ ነበር።»

«አያ እሸቴ ሲታሰሩስ ለምን አልተናገርሽም?» አላት በላይነህ።

«ዲስኩ ጎንደር እስኪገባ ብቻ ነበር፣ አባቴ» አለች ወደ ሽማግሌው። «ከዚያ እናገር ነበር።» እሸቴ ማመናቸውንም አለማመናቸውንም አላሳዩዋትም። የታሰረ እጃቸውን ወደ በላይነህ ዘረጉ።

ገመዱን ሲፈታ ደሞዜ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። የመኪናው ሞተር ጠፋ፤ ዲስኩን ከሾፌሩ ተቀብሎ ወደ ቢሮው ሲሮጥ ዘውዱ አየው። አሁን የትኛው ቁጥር እንደተነካ ያውቃል።

ሽማግሌው የእጃቸውን አንጓ አሹ።

«ልጄ፣ ነፍሴን አትርፈሃል፤ እግዜር ይስጥህ» አሉ። «ግን እኔን ለማስፈታት የደጃፉ ነገር ይበቃ ነበር። ገብሱን ለምን አነሣኸው?»

በላይነህ ገመዱን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ዞረ። በተከፈተው መስኮት የደሞዜ ድምፅ ይመጣል። የጎንደር የስልክ መስመር አልሰማ ብሎት ይጮኻል፦ «ጉና! አዎ፣ ጉና ነው የምለው! የመስከረሙን ያዙ!»