የድድ መርፌ

«…ከዚያ ክትባቱ ድድ ላይ በመርፌ ይወጋል» አለችና ሣራ ቆም አለች። «እንዴት ነው? ሸመደድኩት አይደል?»

ተናኘ ከክፍሉ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታዳምጥ ስህተቱን ወዲያው ለየችው። የባዮሎጂ መምህራቸው ጋሼ ላቀው ያሉት ክንድ ላይ ነው። ክንድ ላይ ተወግቶ፣ ደም ውስጥ የሚሠራው መከላከያ ነው ድዱ ድረስ የሚሄደው። ሣራ ግን ድድና መርፌ ሲባል የመጣላት የእናቷ ንቅሳት ነው። የእትዬ ገዲሴ ድድ ተነቅሶ ጠቁሯል፤ ሲስቁ ጥርሳቸው ያበራል። ሰፈሩም የተነቀሰ ድድ አይደማም ይላል።

«አሪፍ ነው» አለች ተናኘ።

«በናትሽ፣ እውነቱን?»

«አልኩሽ እኮ።»

ንግግሩ የተነሳበት ጥያቄ የተናኘ ነበር። ጠዋት ጠዋት እናቷ አፏን ስትጉመጠመጥ ውሃው ቀልቶ ነው የሚወጣው፤ ጥርሷም መነቃነቅ ጀምሯል። ስለዚህ ባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ላይ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ለኩፍኝ ክትባት ካለ ለድድ በሽታ ለምን የለም?»

ክፍሉ ሳቀ። ጋሼ ላቀው ግን አልሳቁም። በማግስቱ፣ ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ አንድ መጽሔት ይዘው መጡ። ድድ የሚያሳምሙትን ባክቴሪያዎች ገድለው ክትባት ለመሥራት የሚደክሙ ሰዎች ውጭ አገር አሉ፤ የሞከሩት ዝንጀሮ ላይ ነው፤ ለሰው ገና ነው። «እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው» አሉ። ተናኘ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ግን ስለ ክትባቱ የሚደረገውን ንግግር ለሣራ ሰጡት። «ያንቺ ድምፅ ከፊተኛው ወንበር አያልፍም፣ ተናኘ» አሏት። እውነት ነው። እውነት መሆኑ ነው የባሰ ያበሸቃት። ስትጸልይ የቤተሰቡንም የጎረቤቱንም ስም ጠርታ የሣራን ዘለለችው።

ቅዳሜ የመካኒሳው ቀበሌ አዳራሽ ሞላ። ሊቀመንበሩና ከጤና ጣቢያ የመጡ አንድ ጓድ ፊት ተቀምጠዋል። ሣራ «ድድ ላይ» ስትል እኚህ ሰው ሲስቁ ተናኘን በሐሳቧ ታያት። ያን ጊዜ እሷ ትነሳለች። «ጓድ፣ ክንድ ላይ ነው» ትላለች። ድምጿ ይሰማል።

እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ሸፈን አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ተናኜ፣ ሣራ ድድ የሚያድን መርፌ አለ ትላለች አሉ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እናቷ ናታ፣ ገዲሴ። እንደኔ ንቅሳት ነው አለችኝ። እስከዛሬ የእግዜርን ፍጥረት አላበላሽም ብዬ እምቢ ስል ነበር። አሁን ግን በትምህርት ቤት ከተባለ ምን አደርጋለሁ? ነቃሿ ሰኞ ትመጣለች።»

ተናኘ የነቃሿን መርፌ ታውቀዋለች። ለሁሉም አንድ ነው። ጥላሸት ውስጥ ትነክረውና ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ ትሄዳለች።

«እማዬ፣ እንዳትነቀሺ። ክትባት ሌላ ነው።»

«ከሣራ ልትበልጪ ነው? መምህሩ ለሷ አይደል የሰጡት?»

ተናኘ ፊቷ ጋለ። ዞር ብላ አግዳሚ ላይ የተደረደሩትን እናቶች አየች። ሁሉም የሚሰሙት ሣራን ነው። ተነስታ ወደ መድረኩ ጥግ ሄደች። ሣራ ለብቻዋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

«ክንድ ላይ ነው።»

«ምኑ?»

«ክትባቱ። ድድ ላይ አይወጋም። ንቅሳት እንዳልሆነ ተናገሪ። ለሰው ገና እንዳልደረሰም። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ ሣራ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

የሣራ ስም ተጠራ፤ ወጣች።

ድምጿ በሩ ድረስ ተሰማ። «ንቅሳት አይደለም» ስትል እትዬ ገዲሴ አፋቸውን ገጠም አደረጉ። የጤና ጣቢያው ጓድ ራሳቸውን ነቀነቁላት። አዳራሹ አጨበጨበ።

«ይቺ ልጅ፣ ጭንቅላቱን እንዴት አድርጎ ነው የሰጣት» አለች እናቷ።

ጥያቄው የኔ ነው የሚለው ቃል ተናኘ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጎበዝ ናት» አለች። «ሰኞ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። እኔ እወስድሻለሁ።»

«ትምህርትሽስ?»

«ጋሼን አስፈቅዳለሁ።»

ለሣራ አሁንም ይጨበጨብላታል። ተናኘ ወደዚያ ላለማየት የእናቷን እጅ ያዘች።